ቁርባን አይፈታም

ስካርዱ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣
የፈረምነው ሰማንያ ነበር፣ በገንዘብ የተገዛ።
አስኮሌ ሚዛን ተሰቀለ፤ ለአንድ ጀርባ ሃያ አምስት ኪሎ፤
ዱቄት፣ ጋዝ፣ እንቁላል በገለባ፣ ሁሉ በልኩ ታስሮ ታዝሎ።
ፍርሃቴን የመዘነው የለም።

የመሪዬ ስም ቁርባን ነው፤ የሺምሻል ሰው፣ ዝምተኛ።
አንድ ገመድ፣ ጫፍና ጫፍ፤ ከዚያ ወዲያ «እኛ»።

ሰባት ሺህ ሜትር ላይ፣ ሊነጋ ሲል፣ እርምጃውን ገታ፤
በረዶውን በበትሩ ወጋ፣ ሰማ ጎንበስ ብሎ ለአፍታ።
«እንውረድ።»
«ከፍያለሁ እኮ!» አልኩት፣ ጫፉ ከፊቴ እየታየ።
መልስ አልሰጠም፤ ገመዱን ጨብጦ ዓይን ዓይኔን አየ።

ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጠራ፤ ከላይ ምንም አልተናደም።
ሰማንያ ቢሆን እፈታው ነበር፤ ቁርባን ግን አይፈታም።
ድንኳኑ ደጃፍ፣ የደረቀ የጫማ ክሬን
በጥርሱ ሲያላላ ትዝ ይለኛል፤
ገመዱን ማን እንደፈታው ግን
አላስታውስም።