እምቢ የሚል ቋንቋ

ብሬመን ዘንቧል፤ የቬዘር ወንዝ ደፍርሷል፤
ከሦስተኛው ፎቅ ግን አንድ መብራት ቀርቷል።
ቪብከ ናት። ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲ ተቀምጣ፣
ሃያ ሰባት መስመር ታነባለች፣ እንደ ቆሎ አላምጣ።

ጽሑፉ ስለ ፍላፕ ነው፦ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል
ከክንፉ ኋላ ወጥቶ፣ ቀስ ብሎ ዘንበል ስለሚል፤
ግራና ቀኙ እኩል። አንዱ ወርዶ አንዱ ከቀረ፣
ሰማዩ ራሱ ገደል።

የተጻፈበት ቋንቋ አዳ ይባላል፤
ለአማርኛ ጆሮ ዕዳ ይመስላል።
እውነትም ዕዳ ነው፦ መቶ ሰማንያ ነፍስ
በአንድ ድርብ ሰረዝ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል።

ጸሐፊው ቻርክ ነው፤ ከሐምቡርግ የመጣ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ።
ማምሻውን ከበሩ ቆሞ ነበር፣ ካፖርቱ በክንዱ፣ ጸንቶ ምሬቱ፦
«በሌላ ቋንቋ ቢሆን ይህን በአንድ ሌሊት እጨርስ!
ይሄ እንደ ድሮ ዳኛ ነው፤ ለያንዳንዱ ቃል ምስክር፣ ለያንዳንዱ ቃል ዋስ።
ሜትር ከጫማ ልደምር ብል፣ አፉን ዘግቶ እምቢ አለኝ።»

ቪብከ ካልሲዋን አይታ ሳቀች።
«እምቢ ያለህ ወዳጅህ ነው» አለች።
«እሺ ባይማ ሞልቷል፤ ያሉትን ሁሉ የሚቀበል፣
ጥፋትህን አዝሎ እስከ ደመና የሚከተል።
ይሄኛው ገና ከመሬት ሳትነሳ ይጣላሃል፤
ላይ ከወጣህ በኋላ ማን ያስታርቅሃል?»

ሄደ። አንድ ነገር አለ ያልነገረችው፦
የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚሁ ወንበር፣ በራሷ እጅ የጻፈችው፣
ሰዋስው የጠበቀ፣ ቋንቋውም አንብቦ ያለፈው፣
ግን ግራን ቀኝ ብሎ ያሰፈረ መስመር።
ያገኘችው ታልከ ነበረች፣ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ቀን ሲቀራት፤
ከገጹ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣ አንዲት የጥያቄ ምልክት ብቻ፣
ሌላ ምንም ሳትናገራት።

ቋንቋ የሚያውቀው ዓይነትን ነው።
ሜትር ሜትር መሆኑን ያውቃል፤
የማን ሜትር እንደሆነ፣ ከየት ወዴት እንደተለካ፣
ያን አያውቅም። ያን ማን ያውቃል?

የመጨረሻው በረራ ከጣሪያው በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ፤
የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ።
አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች፣ ግራውን፣ ቀኙን።
ውስጡ ያሉት ቀበቷቸውን እያጠበቁ ይሆናል፤
ወይም ተኝተዋል።

ልትፈርም ያነሳችውን ብዕር መልሳ አኖረች።
ከመሳቢያው እርሳስ ፈለገች፤ ጫፉ ዶልዱሟል፤ ቀረጸች።
መስመር ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ዓይኗ ቆየ።
ከዚያ
እንደገና ከመስመር አንድ።