ኮምቦልቻ፣ የምሳ ደወል

የምሳው ደወል ጮሆ፣ ማሽኔ ሲበርድ፣
ሚስተር ሉ ስልኩ ላይ ዓይኑ ቁልቁል ሲወርድ፣
አጮልቄ ባየው ሰንጠረዡ ሙሉ
አረንጓዴ ለብሷል፣ እንደ ክረምት ቃሉ።

«እሰይ!» አልኩት ቶሎ፤ የማሽላ ልጅ ነኝ፣
አረንጓዴ ሳይ ነው ጥጋብ የሚሸተኝ።
ሳቀብኝ ሚስተር ሉ፣ ሳቁ ግን ደረቀ፤
«ቀይ ጥሩ። ይሄ ግን… ገንዘብ አለቀ።»

ልጁ ጓንዡ ነው፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣
ኪራይዋ ስድስት ወር ደሞዜን የሚያክል፤
የሾርባ ፓስታ ዋጋ እየጨመረ መጣ፣
አባት የሚልክለት አክሲዮኑ ሲወጣ።

ማታ ቦርከናን ተሻግሬ ስደርስ፣
በሬ ላይ ወረቀት፣ ደሞዝ ገና ሳይደርስ፤
የአከራዬ የዘምዘም፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ከመጪው ወር ጀምሮ ጨምሪ ሦስት መቶ።»

«ቀይ ጥሩ»
አልኩ ለበሩ።