እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት

የጁላይ የመጨረሻው ቀን፣ አስፋልቱ ላብ ያልበዋል፤
ከኤሪ ሐይቅ ማዶ ለማዶ ንፋስ የሚባል ጠፍቷል።
በታድ ጎማ ቤት ደጃፍ፣ ሬዲዮኑ፣ አንቴናው በሽቦ የተተካ፣
ወሬ በወሬ ይደርባል፣ ቁርጡን ነገር ሳይነካ።

እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የዝውውሩ በር፤
ከዚያ ወዲያ የሄደ ይሄዳል፣ የቀረም ይኖራል እንደነበር።
የተያዙት ሁለት ናቸው፣ የጀልበኞቹ ሁለት ክንዶች፣
ፋውስቶ ኬሳዳ እና ሃስልቤክ፣ የድሃ ቡድን ጌጦች።
ከመሪው አሥራ አንድ ጨዋታ ርቀን፣
ከታች ወደ ላይ እየቆጠርን፣
እነሱ ሲወረውሩ ብቻ ቡድን ያለን ይመስለን።

«ይሸጡ!» አለ ዌንደል ኩዝማ፣ በከዘራው መሬት እየመታ፣
«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ክንዳቸው ሳይረታ!
ወርዋሪ ሸሚዝ አይደለም፣ ታጥቦ የሚለበስ፤
ክርን ነው፣ ጅማት ነው፣ አንድ ጠዋት የሚበጠስ።
ሌስ ብሪግስን ረሳችሁት? ‹አይሸጥም› ያልንበትን?
በኦገስት ትከሻው ሄደ። ዛሬ ሣር ማጨጃ ይሸጣል።
ባለፈው ሳምንት አንድ ገዛሁት፤
በግራ እጁ ነው የፈረመልኝ ደረሰኙን።»

ዴሾን ስልኩን ከፍ አድርጎ በቁጥር ያስረዳናል፦
ለኬሳዳ ሦስት ልጆች፣ ለሃስልቤክ ሁለት ይመጣል፤
አንዱ ገና አሥራ ዘጠኙ ነው፣ ኳሷን እንደ ጥይት ያበራል፤
በሦስት ዓመት፣ ቢበዛ በአራት…

«በአራት?» አለች አርሊን፣ የዌንደል ሚስት፣
ሰባ ስድስት ዓመቷን ይዛ አሮጌ ጎማ ላይ እንደተቀመጠች።
«ላም አለኝ በሰማይ! ወተቷን ማን ሊያይ?
የማበድረው አራት ዓመት የለኝም፣ ላንተም ለሰማይ።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች፤ ነገሩ ከኳስ ወጣ።
«አንተ ማቆየት ታውቃለህ» አለችው፣ ድምፅዋ ሳይቆጣ፤
«አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሳህን
ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈን፣ ‹ለእንግዳ› እያልን፣
እኛ በተሰነጠቀው በላን።
እንግዳው ማን ነው ዌንደል? መቼ ነው የሚመጣው?
ዐርብ ኬሳዳ ይወረውራል። ትኬቱ በቦርሳዬ ነው።
ያቺን ቀስ ብላ ወርዳ መቺውን የምታሳፍር ኳሱን
አንድ ጊዜ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣ በዓይኔ ልያት።
ዋንጫውን ለዴሾን ስጡት።
ለእኔ ዐርብን ስጡኝ።»

ዝም አልን።
ሮዛልባ የደብዳቤ ቦርሳዋን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች፤
«እነሱንስ ማን ጠየቃቸው?» አለች፤
«የኬሳዳ ሚስት ዘጠኝ ወሯ ነው፣ የሕፃኑ አልጋ ተገጥሟል፤
እኛ ጎማ ላይ ተቀምጠን የሰው ቤት እናፈርሳለን።»
ታድ መፍቻውን አስቀመጠ። የሚመልስ አልነበረም።

ለአሥራ ሁለት ስምንት ጉዳይ
ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸ፣ ተንተባተበ፣ ተናገረ፦
ሃስልቤክ ቀረ።
ኬሳዳ ተሸጠ።

ዌንደል ያሸነፈ ሰው አይመስልም።
ከታድ ጠመኔ ለምኖ የመጪዎቹን ልጆች ስም
ግድግዳው ላይ፣ ከጎማ ዋጋ ሥር፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈ፤
የአንዱን ሁለቴ ተሳሳተ፣ ሁለቴም በመዳፉ አጠፋ።

ዐርብ ሆነ። አርሊን ሄደች፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።
ሳንድዊቿን ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ሳህን፣ በፎጣ ጠቅልላ፣
ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ሦስተኛው ረድፍ አደረሰችው።
ጉብታው ላይ የቆመው ልጅ ከታችኛው ሊግ በአውቶቡስ የመጣ ነው፣
ጆሮው ከኮፍያው ይሰፋል፣ ስሙ ጀርባው ላይ ገና አልተሰፋም።
የመጀመሪያዎቹን ሦስት መቺዎች በነፃ አሳለፈ።
ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «ኬሳዳ!» ብሎ ጮኸ።

አርሊን ሳህኑን ለእኔ ሰጥታ ተነሣች፤
ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት።
እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ፣
ስሙን ስለማታውቀው፣
«አይዞህ!» አለች፤ «አይዞህ፣ የማነህ አንተ!»

ልጁ ወደ እኛ አላየም።
ኮፍያውን አስተካከለ፤
አፈሩን በጫማው ጫረ፤
ወረወረ።