አሥራ አራተኛው መስመር

እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ሁለቴ፤ መርዶ መስሎኝ ልቤ ሰጋ፤
እኔ ሴቱባል፣ ከአልጋዬ ጠርዝ፣ ከባሌ ባዶ ቦታ ጋ።
«ከፍለዋል» ይላል ጽሑፉ። የት? ማናውስ። ለምን? ለጫማ።
እኔ በዕድሜዬ በጀልባ የተሻገርኩት
ይህን የወንዙን አፍ ብቻ ነው፣ እስከ ማዶዋ ከተማ።

ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንደ ጨዋ ልጅ ተኝቷል፤
ከዳቦ ቤቱ ደረሰኝ ሥር ሳይነሣ ግማሽ ዓለም ዞሯል።

ባሕር ማዶ፣ የእኔኑ ቋንቋ በሌላ ዜማ የሚያወራ፣
ስሜን እንደ ኮት ደርቦ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር አምሽቶ
ሂሳብ ሲመጣ እኔን የጠራ!
ኮት የሰረቀ ሌባስ ዞሮ ዞሮ ይታያል፤
ስም የለበሰን ሌባ ግን ከባለስሙ ማን ይለያል?

ሰኞ ባንክ ቤት ተሰለፍኩ። አርባ ዓመት ሰርዲን ስቆርጥ
አንዴም ያልሳተ ጣቴ ተራ ቁጥር ይዞ ይንቀጠቀጥ።
ከመስታወቱ ጀርባ ቫሽኩ ነው፣ ልጇ የጎረቤቴ የኤርሜሊንዳ፤
«አይዞዎት፣ እማማ ዴኦሊንዳ፣ ባልበሉት አይከፍሉም ዕዳ»
አለና መስመር በመስመር ያነብልኝ ጀመር፣
ጮክ ብሎ፣ ለደካማ ጆሮዬ ሲል፤ ከኋላዬ ሰልፉም ይሰማ ነበር።

«ጫማ ቤት?» የእኔ አይደለም።
«ሆቴል? ሁለት ሌሊት?» የእኔ አይደለም።
«አበባ ሻጭ፣ ስልሳ ዩሮ?» ስልሳ? ለማን ነው? አልኩት።
«እሱንማ» አለ ቫሽኩ «ባንኩም አያውቅም።»
«የጥርስ ሐኪም?» እዚህ ላይ አንጀቴን በላኝ። ሌባም ለካ ጥርሱን ያመዋል፤
ገንዘቤን የበላበትን ጥርስ በገንዘቤ አስነቅሎታል።
በስሜ የኖራት ሁለት ቀን፣ ልንገራችሁ፣
እኔ ከኖርኩት ሰባ አንድ ዓመት ሳትሰፋ አትቀርም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ ሦስት ካድኩ። ክህደት ለካ ይለመዳል፤
ምላስ አንዴ ቁልቁለት ከያዘ ያለ ፍሬን ይወርዳል።

አሥራ አራተኛው ላይ ቫሽኩ ቆመ።
«ይህኛው እንኳ ከዚሁ አገር ነው፤
የሴቶች መዋኛ ልብስ። ሠላሳ አንድ ዩሮ ከሃምሳ።»
ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ።

የእኔ ነበር።
ቀይ ነው። ከአምስት ቀን በፊት፣ እንቅልፍ እንቢ ባለኝ ሌሊት፣
መነጽሬን አድርጌ፣ ፊደል በፊደል፣ በአንድ ጣት፣
አቢሊዮ ከሞተ ወዲህ ያልነካሁትን ባሕር አስቤ
ያዘዝኩት፣ ለልጄም ሳልነግር፣ እንደ ሌባ እየመታ ልቤ።

«የእኔ አይደለም» አልኩ።
ከአሥራ አራቱ ፈጥኖ የወጣልኝ ይኸው ነው።
ፈረምኩ። በስሜ በሐሰት ከተፈረመው ሁሉ
እጅግ የሚያምረው የእኔው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ገንዘቡ ተመለሰ፣ ሙሉ፣ ሳንቲም ሳይጎድል፤
በአሥረኛው ፖስተኛው ደወለ፣ እሽግ ይዞ፣ ለስላሳ፣ ቀላል።

አንተ ማናውስ ያለኸው፣ ጥርስህ እንዴት ነው?
አበባውንስ ተቀበለችህ?
እኔ ልናዘዝ ስልክ አነሣለሁ፤ ቫሽኩ «ሃሎ» ሲል እዘጋለሁ።
አንተ አሥራ ሦስት፣ እኔ አንድ፤
በየትኛው አፌ ሌባ እልሃለሁ?

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ፣ ቀዩን ከካፖርቴ ሥር ለብሼ
ወደ ባሕሩ ወረድኩ። አዲሱን ካርድ እቤት ተውኩት፣
ቁጥሩን ገና አልያዝኩትም።
ውሃው አጥንት ይበላል። ጉልበቴ ድረስ። ወገቤ ድረስ።
የሚስጥር ቁጥር አልጠየቀኝም።
ትከሻዬ ድረስ ስገባ፣ ከጀልባው አንድ ዓሣ አጥማጅ
ማን እንደመሰልኩት እንጃ፣ እጁን አነሣልኝ፤
እኔም አነሣሁለት።
ስሜን ግን አልነገርኩትም።