የአያ ይመኑ አውራ ጣት

ቀን የልጆች ክፍል፣ ማታ የእኛ ነው፤
ዴስኩ አጭር ሆኖ፣ ጉልበት የሚይዘው።
ቢተው ከእርሻ መጥቶ፣ ጭቃው ሳይለቀው፣
እግሩን ወደ መሐል፣ ዘርግቶ ሊያሳርፈው፣
ከፊት ይቀመጣል፣ «ዓይኔ ፈዟል» እያለ፤
ከኋላ የሚስቅ፣ ሁልጊዜ ሰው አለ።

አትጠገብ ከልጇ፣ ከትሁን ጋራ ናት፤
አንድ እርሳስ አላቸው፣ በቢላ የቆረጧት።
ግማሹ ለእናት፣ ግማሹ ለልጇ፤
መቅረጫው የትሁን፣ አይወጣም ከእጇ።
«እማ፣ ‹ገ›ን ገለበጥሽው!» ትላታለች ቆማ፤
እናት ትስቃለች፤ ታጠፋለች ደግማ።

ስንሻውን ያመጣው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ነው፤
ደብተሩን ሰው ነበር፣ ሁሌ የሚያነብለት።
ከፍሎ ሲጨርስም፣ «ቀርቶሃል» አሉት፤
ዝም ብሎ ከፈለ፤ ምን ይበል? በምን ፊት?

አንጓች አትናገርም።
በስድስተኛው ወር፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣
ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አንዲት ወረቀት አሳየችኝ፣
ከመድኃኒት ካርቶን የወጣች፣ በመታጠፍ ብዛት የሳሳች።
«ለሕፃን ስንት ማንኪያ ነው የሚለው?» አለች።
አነበብኩላት።
መልሳ ቋጠረችው።

ታኅሣሥ ላይ ወሬ መጣ፣ «በጀት የለም» የሚል፤
ለጠመኔም የለም፣ ለእኔም ትንሽ አበል።
አቤቱታ ጻፍን። እኛ ብቻ አይደለን፤
አማኑኤል ላክን፣ ደምበጫም ሰው አለን፣
ቢቸና ጨመረ፣ ከሞጣም መጡልን፣
አሥራ አንድ የማታ ቤት፣ በአንድ ቃል ተማማልን።
የቀበሌ ማኅተም፣ ቀለሙን ተውሰን፣
አራት መቶ አውራ ጣት፣ ወረቀት ላይ አሰፈርን።

ከሉማሜ ተነሥቼ፣ ባሕር ዳር ደረስኩኝ።
ኃላፊው ደግ ሰው ነው፤ ሻይ እንኳ አዘዘልኝ።
ገጹን ገላለጠው፤ ጣት በጣት ሆነበት፤
«ሰው ያላነበበውን፣ እንዴት ይፈርምበት?»
መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት ከነሻዩ፤
እኛስ የጮኽንበት፣ ምን ሆነና ጉዳዩ?

ስመለስ ቡሬ ላይ ጎማ ፈነዳ።
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ እየተሳደበ፣ አሰብኩት፦
የቅኔ አገር ይሉናል።
ሰሙም አለን፣ ወርቁም አለን፤
ፊደሉ ግን በማታ፣ ያውም በውሰት መብራት።

አበል ሳይመጣልን፣ መብራቱ አልጠፋ፤
ጠመኔ በእንቁላል፣ ባትሪው በወረፋ።
«ስም ብቻ እንማር፣ ሌላው ይቆይ» አልን፤
አንድ ሰው አንድ ስም፣ ክረምቱን ታገልን።
ልጆች ከየቤቱ፣ ወላጅ አስጠኑልን፤
አባት ሲያንጎላጅ፣ በክርን እየነኩልን።

ጥቅምት ላይ ያው ቃል ነው፣ ያው አቤቱታ፤
አሁን ግን ስም አለው፣ የቆመ በተርታ።
የቢተው ‹ቢ› እግሯን፣ ዘርግታ ከመስመር፣
ልክ እንደ ባለቤቷ፣ ከዴስኩ በስተሥር።
የአትጠገብ ‹ገ› ደግሞ፣ እንደተገለበጠች ናት፤
ትሁን አየችና፣ ዝም ብላ አለፈቻት።
ስንሻው ከስሙ ሥር፣ ቀኑን ጻፈ፣ ዓመቱን፣
እንደ አበዳሪ ሰው፣ ደጋግሞ አየው ልኩን።
አንጓች ሁለት ስም ጻፈች።
ሁለተኛው የማን ነው? አላልኳትም።

አንድ ጣት ብቻ ቀረ፣ ያለ ስም፣ ብቻውን፤
አያ ይመኑ እምቢ አሉ፣ እያወቁት ስማቸውን።
«መጻፉንስ እጽፍ ነበር፤ ግን አንዱ በጣት ይቆይ፤
ሁሉም ስሙን ከጻፈ፣ ‹አበቃ› አይሉም ወይ?
‹ተማሩ› ይሉና፣ መብራቷን አጥፍተው ሊሄዱ!
ከወንዙ ማዶ ስንት አለ፣ ገና ያልጀመረ መንገዱ።
ይህች ጣት ዘበኛ ትሁን፤ አሳዪልኝ ለጌቶቹ።
‹ይኸው ቀሪ› በያቸው፤ ‹ይኸው፣ ገና ናቸው ብዙዎቹ።›»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።
ሰኞ በሌሊት እሄዳለሁ።
ዘንድሮ ሻዩን አልጠጣም።