ናፍጣ ያለቀ ሰሞን

ሞላሌ፣ ጉብታው ላይ ማማው ከቆመ ጀምሮ
ንብ ሰፍሮብኛል፤ ቀፎ ሆኗል ጆሮ።
የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ደሜን አይቶ፣ ዓይኔን አይቶ
«ምንም የለብህም» አለኝ፣ ወረቀቱን አጥፎ ሰጥቶ።
ትደነቅ አልተሟገተችም፤
«አለ»ም «የለ»ም አላለችም።
ስልኳን ከበጎቹ በረት፣ ቅርጫት ውስጥ ትታ ትገባለች፤
አምፖሉን ፈትታ፣ በኩራዝ ሱፍ ትፈትላለች።

ትናንት የማማው ዘበኛ እንግዳሸት
አጥር ተደግፎ፣ «ናፍጣ አልቆ» አለን፣
«ማማው ከሞተ ሦስት ቀኑ።»
ሦስት ቀን!
እኔ በነዚያው ሌሊቶች
ግንባሬን በመቀነቷ ጠፍሬ
ግድግዳ ስገፋ ነው ያነጋሁት።

ትደነቅ ሰማች። አየችኝ።
ንቡ ብቻ ወሬው አልደረሰውም።

ማታ፣ እንደልማዷ፣
ስልኳን በረት አኑራ ገባች።