ባሮሜትር

ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋሱ ሲከፋ፣
ሰው ገመድ ይይዛል ተገፍቶ እንዳይጠፋ፤
ማዘጋጃ ቤቱ በየመንገዱ ዳር
ወጥሮ አስሮልናል ከመብራት ምሰሶ ጋር።
እኔ ግን ከገመድ የማምነው ሌላ ነው፤
በጀልባዬ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ያለው
የአባቴ ባሮሜትር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው።
መርፌዋ ስትወርድ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ ስትል፣
ሸርጣኑ ይቅርብኝ እላለሁ፤ ባሕር አይታለል።

ልጄ ኦሪያና፣ ወሬው ስለ አንቺ ነው።
«ቀን ጎደለብኝ» ይላል ሰው ሲከፋው፤
አንቺ ላይ የጎደለው ግን ተቆጥሮ የሚታወቅ ነው፦
አንድ መቶ አምስት ቀን።
በሃያ አምስተኛው ሳምንት፣ በሐምሌ ውርጭ ማለዳ፣
ሰባት መቶ ሰማንያ ግራም፣ ሳትጠሪ የመጣሽ እንግዳ።
የዓይንሽ ቆብ ገና እንደተጣበቀ፣
እንደታሸገ ደብዳቤ፣ ቀኑ እስኪደርስ የተጠበቀ።

ሐኪሟ ፍሬሲያ ወረቀት ላይ ሳለችልኝ ክብ፤
ከመሃሉ ነጥብ ወደ ዳር የሚሳብ
ቀጭን ቀጭን መስመር። «የደም ሥሮች ናቸው፤
ከነርቩ በር ተነስተው የዓይን ዳርቻ ነው መድረሻቸው፤
በማህፀን ጨለማ ውስጥ ነው መንገዳቸው።
የሷ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ ነጋባቸው።»

ነጋባቸው!
ንጋት ስጠብቅ ነበር ዕድሜ ልኬን የኖርኩት፤
ንጋት እንደሚቸኩል ያን ለት ነው የሰማሁት።

ሳንባሽ የለመነው አየር ዓይንሽን የሚያሰጋ፤
ነርሷ ቁልፉን በፀጉር ስፋት ስታዞር ሌሊቱ ነጋ።
እናትሽ ኢቬት በበሩ መስታወት ስታይ ቆማ፣
ወተቷን በጠርሙስ ይዛ፣ አንድም ቃል ሳታሰማ።
ሥሮቹ መንገድ ስተው እንደ ቁጥቋጦ ሲጠላለፉ፣
ዳሩን በሌዘር ተኮሱልሽ፤ መሃሉን አተረፉ።

አሁን ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። መነጽርሽ ወፍራም፤
ኳስ ከቀኝ ሲመጣ ትስቻለሽ፤ በሳቅ ግን አቻ የለሽም።
አለቀ ብዬ ነበር። ፍሬሲያ ግን በየስድስት ወሩ
ትጠራናለች። «ቀድሞ የተወለደ ዓይን ይጠባል በሩ፤
ሌንሱ ወፍራም፣ የፊት ክፍሉ ጥልቀት የሌለው፤
ውሃው የሚወጣበት ቦይ በቀላሉ ነው የሚዘጋው።
ሁሉም ላይ አይደርስም። ሲደርስ ግን፣ ግላኮማ ብዙ ጊዜ አያንኳኳም፤
ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል እንጂ አይቸኩልም።»

ገባኝ። ጀልባ ያለው ሰው ይህን አያጣውም፤
የሚያሰጥመው የውጭው ባሕር አይደለም፤
ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣው ነው።

ዛሬ ጠዋት አገጭሽን ማሽኑ ላይ አስደግፈሽ፣
እፍ አለ፤ ቁንጥር ነፋስ ዓይንሽ ላይ ነፋብሽ።
ደነገጥሽ። ከዚያ ሳቅሽ።
«የኛ ከተማ ነፋስ ነው፤ ገመዱን ግን ረስተውታል!» አልሽ።

ቀኝ፦ አሥራ ስምንት። ግራ፦ ሃያ ሁለት።
ፍሬሲያ ዝም አለች። ደግማ ለካች። ሃያ ሁለት።
«የምን ሃያ ሁለት?» አልኳት።
«ሚሊሜትር ሜርኩሪ» አለች።

ሜርኩሪ!
አባቴ ያወረሰኝ፣ ሰማይን የምለካበት፣
ያው ስፍር፣ ያው ቋንቋ፣ የልጄ ዓይን ውስጥ ገባበት።
የሰማዩ ሲወርድ ነው የምፈራው፤ ያንቺ ሲወጣ።

«ገና ጠብታ አንጀምርም፤ በሦስት ወር ተመለሱ» አለችን።
ሃያ ሁለት ማዕበል አይደለም። ደመናም አይደለም ምናልባት።
በመንገድ ላይ ቆም ብዬ ዓይነ ውሃሽን አየሁት፤
ምንም አይናገርም። ጥርት ያለ ነው። እሱን ነው የፈራሁት።

ወደ ጀልባዋ ወረድን። የቀጠሮውን ቀን በእርሳስ
ከባሮሜትሩ ሥር ጻፍኩ፣ እንጨቱ ላይ፣ እንዳይረሳ።
የጎደለብሽን ቀን መመለስ አልችልም፤
የሚመጣውን ግን አንድም አላሳልፍም።
አንቺ ወንበር ላይ ወጥተሽ፣ እኔ እንደማደርገው፣
መስታወቱን በጣትሽ ቀስ ብለሽ መታ መታ አረግሽው።
ጠበቅሽ። ዓይንሽን አስጠግተሽ፣ መነጽርሽ ሊነካው ሲል፣
«ቆማለች አባ» አልሽኝ።

ወጥመዶቹን መቁጠር ጀመርኩ።